የጣዝማው ቋጠሮ

በአባቷ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በወፍጮ ድምፅ ነው። ሽታዬ ዓይኗን ስትገልጥ የወንድሟ ሚስት የብርጓል ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ገብስ ትፈጫለች፤ መጁ ሲሄድ ትከሻዋ አብሮ ይሄዳል፣ ሲመለስም ይመለሳል። ልጆቿ ገና አልተነሡም፤ ከጋጣው ጥጃው እናቱን ይጣራል። አባቷ እንዳላማው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይስላሉ፤ ሳሉ ሲለቃቸው ዳዊታቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሽታዬ የተኛችበትን ቁርበት ጠቅልላ ግድግዳ ሥር ታቆማለች፣ ደጅ ወጥታ ፊቷን ትታጠባለች፣ ተመልሳ «እንዴት አደራችሁ» ትላለች። አባቷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። የብርጓል ወፍጮዋን አታቆምም።

ከዚያ ቂጣዋን ደጃፉ ላይ ቆማ ትበላለች፤ ትንሿን እንቅብ ከግድግዳው አውርዳ በጓሮ በኩል ወደ ዝግባ ውሃ ጫካ ትወርዳለች። አባቷን ልትጠይቅ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ወዲህ ይህን ሳታደርግ የዋለችበት ቀን የለም።

ያን ዕለት ግን እንቅቡን ስታነሣ መጁ ቆመ።

«ዛሬም ልትሄጂ ነው?» አለች የብርጓል፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«ቀጋው ደርሷል። ትንሽ ለቅሜ እመለሳለሁ።»

«ደብረ ማርቆስ ቀጋ የለም?»

«አለ። የዚህን ያህል አይጣፍጥም።»

«በጣሊያን ብስኩት ላይ ሲበላ አይጣፍጥ ይሆናል።»

እንዳላማው ዳዊታቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። በዚያ ቤት ሁለቱ ሴቶች ሲነጋገሩ እሳቸው የሚገቡበት መጠለያ ይኸው ነበር።

የብርጓል ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ሽታዬ ስትዳር ሹሩባዋን የሠራቻት፣ አልቅሳም የሸኘቻት እሷ ናት። አሁን የምትለው ሁሉ ግን ከአንድ ነገር የሚነሣ ነው። ባሏ ፈንታ፣ የሽታዬ ታላቅ ወንድም፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ውጅግራ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል፤ ያለውም በዚያው በዝግባ ውሃ ጫካ ነው። ጣሊያን ይፈልገዋል። ይጁቤ አጠገብ የሰፈረው የባንዳ ጭፍራ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቤቱን በርብሯል፤ አንድ ጊዜም የብርጓልን ገርፏታል። የሽታዬ ባል አበረ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ የጣሊያን መጋዘን ይጠብቃል። ለወታደሩ የሚገባው ገብስና ዱቄት የሚቆለፍበት ቁልፍ በእሱ ወገብ ላይ ነው። ወንድሟ ጫካ፣ ባሏ መጋዘን፤ በመካከል ያለች ሴት ደግሞ በየጠዋቱ ጫካ ስትገባና ስትወጣ ሰው የማይለው የለም። ሰው የሚለውንም የብርጓል ቀድማ ትለው ነበር።

«ስሚኝ» አለች የብርጓል፣ አሁን ዞር ብላ። ፊቷ ላይ ዱቄት አለ። «አንቺ ስትሄጂ ዱካ ትተያለሽ። ዱካሽን የሚያይ አይጠፋም። አንቺ ቀጋ ስትለቅሚ ሌላው ባሌን ይለቅመዋል።»

«እንግዲያው አገናኚኝ። አንድ ቀን ልየውና አገሬን ልቀቅ። ከዚያ በኋላ ጫካሽን አልረግጥም።»

«ያለበትን አላውቅም።»

«ማታ ማታ እንጀራ በአገልግል የምትልኪው ለማን ነው?»

«ለነፍስ» አለች የብርጓል፤ መጁንም ያዘች።

ሽታዬ የመጣችው አባቷ ደረታቸውን ታመዋል የሚል መልእክት ሰምታ ነው። አባትን ከመጠየቅ ሌላ ግን በልቧ የያዘችው ፈንታን ማየት ነበር። ባሏ ቶሎ ይፈቅድልኛል ብላ አልጠበቀችም። አበረ ግን አልተከራከራትም፤ በቅሎ አቀረበ፣ ደምለው የሚባል ሎሌውን አስከተለላት፣ ለቤተሰቡም አንድ ስልቻ ጨው ጫነላት። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ በዚያ አገር ጨው እንደ መድኃኒት ነበር። የብርጓል ስልቻውን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ጋጣ ወስዳም ለከብቱ አላሰችው። ሽሮው አልጫ ሆኖ ይቀርባል፤ ሁሉም ያለ ጨው ይበላሉ፤ ከመድረኩ ማዶ ላሟ ከንፈሯን ትልሳለች። ሽታዬም አብራ ትበላለች። ምን ትላለች።

ወደ ጫካው የሚወስደው መንገድ በምንጩ በኩል ያልፋል። ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጎረቤታቸው ሥራነሽ አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረገች።

«ሽታዬ፣ እስቲ ጠጋ በይ። በምን ሳሙና ነው የምትታጠቢው?»

«በእንዶድ፣ እንዳንቺው።»

«እንዶድስ አይደለም። ይህ ባሕር የተሻገረ ጠረን ነው።» ሴቶቹ ሳቁ። «ባልሽን ሰላም በይልን። ዱቄቱ እንዳይነቅዝ አደራ በይልን።»

«እላለሁ» አለች ሽታዬ፤ አለፈችም። አንዲት ሴት ሽታዬ ስትደርስ እንስራዋን ወደ ራሷ ሳበች፣ የተበላሸ እጅ እንዳይነካባት።

ጫካው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበለው ቅዝቃዜው ነው። የኅዳር ፀሐይ ውጭውን ሜዳ ስታነድ ከዝግባዎቹ ሥር ያለው መሬት ገና እርጥብ ነው፤ እግር ሲረግጠው ድምፅ አይሰጥም። ሽታዬ ጫማዋን አውልቃ እንቅቧ ውስጥ ከተተች። በከተማ ስትኖር እግሯ ለስልሷል፤ የወይራ ፍሬ ሲቆነጥራት አዲስ ሆነባት፤ ግን አልጠላችውም። ከወንዙ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ላይ እንጆሪው ገና አላለቀም። እሾሁን በሁለት ጣት ገለል አድርጋ፣ የጠቆረውን ብቻ እየመረጠች፣ ግማሹን ወደ አፏ ግማሹን ወደ እንቅቡ ትጥላለች። ከዚያ ወደ ቀጋው። ቀጋ ሲበላ ሥርዓት አለው፤ ቅርፊቱን ብቻ ነው የሚገምጡት፤ ውስጡ ያለውን ፀጉራም ፍሬ የዋጠ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል። ኮሽሙ ጥርስ ያጠርሳል፤ እሱን ለአባቷ ትለቅምላቸዋለች፣ ምራቅ ያመጣልኛል ይላሉና። ከገላጣው ቋጥኝ ላይ ጦስኝ ቀነጠሰች፤ መዳፏ ላይ አሽታ አሸተተች።

ስለ ባሏ ያልጠየቃት ጫካው ብቻ ነበር።

አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ብርሃኑ በጎን ይመጣል። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንዲት ደቃቃ ነገር ወርቅ መስላ አለፈች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሽታዬ እጇን ከእንቅቡ አወጣች፤ ትንፋሿንም ያዘች። ጣዝማ ናት።

ጣዝማ ከዝንብ አትበልጥም፤ አትናደፍም፤ ቤቷን የምትሠራው ከመሬት ሥር ነው። መግቢያዋ የስንዴ አገዳ በግድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስለሆነ ሰው ላዩ ላይ ቆሞም አያየውም። ማሯ ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፤ ለደረት እንደሱ ያለ መድኃኒት የለም። የሚያገኛት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። እንዳላማው ጤና በነበሩበት ዘመን ሁለቱን ልጆቻቸውን እዚህ ያመጡና «አትንቀሳቀሱ፤ ዓይናችሁ ይሂድ» ይሏቸው ነበር። ፈንታ አይችልም፤ ይቁነጠነጣል፤ ሁልጊዜ ቀድማ የምታየው ሽታዬ ናት።

ዓይኗ ሄደ። ንቦቹ ከኮሶው ሥር፣ በሁለት ሥሮች መካከል ይገቡ ነበር። ተንበርክካ ሣሩን ገለጠች፤ ቀዳዳዋ አለች፣ በሰም የተቀባች።

መቆፈሪያ አልያዘችም፤ ቅልም የላትም። እንዲህ ሲሆን በዚያ አገር የሚደረገው የታወቀ ነው። ያገኘ ሰው ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ጭራሮ ይተክላል፤ በመካከላቸው ረጅም ሣር ገምዶ ይቋጥራል። ከተቋጠረ በኋላ ያ ጣዝማ ባለቤት አለው። በወሰን ምክንያት የተጋደሉ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን የጣዝማ ቋጠሮ አይፈታም። ቋጠሮውም እንደየቤቱ ይለያያል። የእንዳላማው ቤት ሣሩን ወደ ግራ ይገምዳል፣ ጫፉን ወደ ታች ያስገባል። ሽታዬና ፈንታ ደግሞ በልጅነታቸው የጨመሩበት አለ፤ አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ካገኘ ሁለተኛ ዙር ያክልበታል። አይቼዋለሁ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንቆፍራለን ማለት ነው።

ሽታዬ ሣሩን በእጇ ይዛ ቆየች። የብርጓል ያለችው ትዝ አላት። ነገር ግን ማንንም አልጠየቅሁ፣ ማንንም አልተከተልሁ አለች በልቧ። ፈንታ በዚህ ካለፈ ያያል። ካላለፈም ጣዝማው ለአባቷ ነው። ወደ ግራ ገመደች፤ ጫፉን ወደ ታች አስገባች።

ስትመለስ ደምለው ከአጥሩ ውጭ በቅሎዋን በገለባ ያሽ ነበር። የደጀን ሰው ነው፣ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት። ከመጡ ወዲህ ሳያሽሟጥጥ የሚያነጋግራት እሱ ብቻ ነበር።

«እሜቴ፣ ዛሬስ ጫካውን ጨርሰው መጡ?»

«ለነገ ትንሽ አስቀርቻለሁ።» ከእንቅቡ ቀጋ ዘግና ሰጠችው።

«ይህ ሆዴን ያሳክከኛል። ጣዝማ ቢሆን ኖሮ አልግደረደርም ነበር።»

ሽታዬ ሳቀች። አገሯ ከገባች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከሳቁም ጋር ቃሉ ወጣ። «ጣዝማም አልጠፋም። ቋጥሬው መጣሁ።»

«ኧረ? ሰው ይወስድብዎታል።»

«የእንዳላማውን ቋጠሮ ማን ይደፍራል?»

«በእኛም አገር ይቋጠራል፤ የማን እንደሆነ ግን አይለይም። ሣር ሣር ነው።»

«በእኛ ይለያል። የእኛ ወደ ግራ ነው። እኔም ብሆን ፈንታም ቢሆን ከሩቅ…» አለችና ዝም አለች።

ደምለው የበቅሎዋን ሆድ ያሻል፤ ቀና አላለም። «ይቺ በቅሎ ኮርቻው ልጧታል፤ አላዩልኝም?» አለ። ሽታዬ የበቅሎዋን ጀርባ አየች፤ ልቧም ተመለሰ። አልሰማኝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ኮሶው ሥር ሳትደርስ ደረሰች። ቋጠሮው እንዳለ ነው። አንድ ዙር አስራ የሄደችው ሁለት ዙር ሆኗል። የተጨመረው ሣር ገና በዚያ ጠዋት የተቀጠፈ፣ ትኩስ ነው፤ አሠራሩ ችኩል ነው፤ ፈንታ ምንጊዜም ሲቋጥር አያምርለትም።

ሽታዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያውን አልተመለከተችም። እያያት እንደሆነ አስባ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዱር ከገባ ወዲህ ያላየችው ወንድሟ መጎሳቆሏን እንዳያይ። ከዚያ ተነሥታ እንጆሪ ሳትለቅም ተመለሰች።

ቤት እንደደረሰች የተቀመጠውን ቅል አወረደች፤ ውስጡን በአሸዋ አጠበች፤ እንዲደርቅም አጥሩ ላይ ደፍታ ሰቀለችው። የብርጓል ከጋጣው በር ላይ ሆና አየቻት።

«ምን አገኘሽ?»

«ለአባባ ደረት ጣዝማ።»

«ፊትሽ የጣዝማ ፊት አይደለም።»

«ታዲያ የምን ፊት ነው?»

የብርጓል ወደ ጋጣው ተመለሰች። እስከ ማታ ድረስ ግን ዓይኗን ከሷ ላይ አላነሣችም፤ ሽታዬም ልንገራት አልንገራት ስትል ዋለች። ብነግራት ትከለክለኛለች አለች። ፈንታን ለማየት የቀረችኝ ነገ ብቻ ናት፤ ይህችንም ትወስድብኛለች።

ከሰዓት በኋላ ደምለው ወደ አጥሩ መጣ። ቅሉን አየው፤ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ታጠበ» አለ።

«ታጠበ።»

«እንግዲያው እኔ ይጁቤ ወርጄ ለኮርቻው ማሰሪያ ጠፍር ልግዛ። ዛሬ እዚያው አድራለሁ።»

«በቅሎዋን አትወስዳትም?»

«የተላጠች በቅሎ ምን ትሠራልኛለች? በእግሬ እፈጥናለሁ» አለ፤ ፈጠነም። ሽታዬ ጥርሰ ፍንጭቱን ሰው በቁልቁለቱ ሲወርድ አየችው፤ ቀኑ ሳይመሽበት ቢደርስ ብላም አሰበችለት።

ጠዋት ላይ እንዳላማው ዳዊታቸውን አልገለጡም። ካራቸውን ከአፎቱ መዝዘው ሰጧት።

«ሣሩን ቀዳዳዋ ውስጥ ሰደሽ እሱን እየተከተልሽ ቆፍሪ። አትቸኩዪ፤ ከቸኮልሽ መንገዷ ይደፈንብሻል። ማሩንም ጠርገሽ አትውሰጂ፣ ለራሷም ተዪላት።»

«እሺ አባባ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ሽታዬ ወደ ጋጣው ዞር ብላ አየች። የብርጓል እያለበች ነው። «ብቻዬን አይደለሁም» አለች በቀስታ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አግብተው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አወጡ፤ ለራሳቸው ያስቀመጡት ነበር። «እንኪ፣ ይህን ስጪው» አሉ። ሽታዬ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

ምንጩ ላይ ሰው አልነበረም። ጫካው ሲቀበላት እንደ ሁልጊዜው ቀዝቃዛ ነው። ወንዙ ዳር ስትደርስ ትናንት ያለፈችው እንጆሪ ጠቁሮ ጠበቃት። ፈንታ እንጆሪ ይወዳል፤ ልጅ ሳሉ በሸሚዙ እየቋጠረ ከእናታቸው ጋር የሚጣላበት ነበር። ትንሽ ልውሰድለት ብላ ጎንበስ አለች። የጠቆረውን እየመረጠች፣ እሾሁን በሁለት ጣት ገለል እያደረገች፣ ቅጠል አንጥፋ በላዩ ደረደረችለት። አንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው መራት። ደስ ብሏት ነበር። ስንት ዘመን እንደዚያ ደስ እንዳላላት ለራሷም አልነገረችም።

ከኮሶው በኩል የቆቅ መንጋ ግር ብሎ ተነሣ።

ሽታዬ ቀና አለች። ፈንታ ነው አለች፤ ዛሬም መቀመጥ አቅቶታል። ፈገግ እንዳለች ቆቆቹ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከሦስት አቅጣጫ መነሣታቸውን አየች። ልትጠራው አፏን ከፈተች። ስሙን ልትጠራው አይገባም፤ ዝም ልትልም አይገባም። የቱን እንደምታደርግ ሳትወስን ጥይቱ ተተኮሰ። አንድ ነበር፤ ከዚያ ብዙ ሆነ፤ ከዚያ እንደገና አንድ።

ሮጠች። ወደየት እንደምትሮጥ ግን እግሯ ያውቅ ነበር። ኮሶው ጋ ከመድረሷ በፊት መንገዱ ላይ ሰዎች ተቀበሏት፤ ቁምጣ የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ፣ አማርኛ የሚናገሩ። ከፊታቸው ደምለው ነበር። ሲያያት ነጠላውን አደገደገ።

«እሜቴ፣ ዛሬ ዘገዩ» አለ። «መዘግየትዎም ደግ ሆነ። ጥይት ዓይን የለውም።»

«ደምለው» አለች።

«የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት።»

«በማን?»

መሬት መሬት አየ። «በቅሎዋን ልጫንልዎት? እዚህ አገር መዋል ከእንግዲህ አይበጅዎትም።»

በእጁ የፈንታን ውጅግራ ይዞ ነበር። ሽታዬ በአጠገቡ አልፋ ሄደች። ማንም አልከለከላት፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ፈንታ በጎኑ ወድቆ ነበር። ወደ ጣዝማው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነው። ጢሙ አድጓል፤ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሽበት ገብቶበታል፤ ይህን ማንም አልነገራትም። እጁ ውስጥ መቆፈሪያ ሹል እንጨት አለ። ሽታዬ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች። አልጮኸችም። ጩኸቱን ያመጣችው የብርጓል ናት፤ ተኩሱን ሰምታ ከዳገቱ እየወረደች፣ የታለበ ወተት ቀሚሷ ላይ ፈስሶ።

የብርጓል ጩኸቷን ስትጨርስ ባሏን አየች፣ ሽታዬን አየች፣ ከኮሶው ሥር ያለውን የታሰረ ሣር አየች። እሷም የዚያ ቤት ሰው ናት፤ ቋጠሮውን ታውቀዋለች።

«አንቺ ነሽ የቋጠርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማን አወራሽ?»

ሽታዬ ደምለው ወደ ሄደበት መንገድ ተመለከተች።

«ወሬ ነው» አለች የብርጓል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እኔ በጅራፍ ያላወጣሁትን አንቺ በወሬ ሰጠሻቸው። ተነሽ። ራሱን አስቀምጪ። እኔ እይዘዋለሁ።»

ሽታዬ ራሱን አስቀመጠች። የብርጓል ያዘችው።

በቃሬዛ አውጥተው በነጋታው ቀበሩት። ለቅሶው ላይ ሙሾ አውራጇ ስለ ፈንታ ጀግንነት ስታወርድ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሽታዬ በቆመችበት በኩል ግን ክቡ ክፍት ነበር። ወደሷ የተጠጋ የለም፤ ሂጂ ያላትም የለም። ሥራነሽ እንኳ ያን ዕለት ቀልድ አልነበራትም። ሲያልፉ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፤ ያ ብቻ ነው። ሽታዬ በሳልስቱ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይርገሙኝ።»

እንዳላማው ብዙ ሳሉ። ሳሉ ሲለቃቸው እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ፤ እጃቸው ቀላል ነበር፣ እንደ ደረቀ ቅጠል። «አልረግምሽም» አሉ። «ግን ልጄ፣ ከዚህ ሂጂ። እኔ ባይሽም እሷ ታይሻለች። እሷ ደግሞ ልጆች አሏት፤ የሚያበላቸው የለም። ቤቱ ለእሷ ይሁን።»

«ደግሜ ልመጣ እችላለሁ?»

ሽማግሌው ዳዊታቸውን ገለጡ።

በቅሎዋን ደምለው ይዟት ሄዷል። ሽታዬ በእግሯ ወጣች። የብርጓል ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ሽታዬ ስታልፍ ስልቻውን ጣለችላት፤ ከጨው የተረፈ ነገር ታችኛው ጥግ ላይ አለ። «የባልሽን ዕቃ አትርሺ» አለች።

ደብረ ማርቆስ ስትገባ ሁለተኛው ቀን መሽቶ ነበር። አበረ ደጃፉ ላይ ተቀበላት። ገና ሳትናገር «እግዜር ያጽናሽ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው ሁሉ ያወራው የለም?»

«ደምለውን ለምን አስከተልህብኝ?»

«ለበቅሎዋ ነዋ። ለሌላ ለምን ይሆናል?» አለ አበረ። ከወገቡ ቁልፉን ፈትቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ እጁንም ታጠበ፤ ራት አቅርቢልኝ አለ። አቀረበችለት። ወጡ ጨው ነበረው፤ እሷ አልበላችም።

በማግስቱ በመጋዘኑ በኩል ስታልፍ ደምለውን በሩ ላይ አየችው። አዲስ ቁምጣ ለብሷል። ትከሻው ላይ ያለው ውጅግራ የፈንታ ነው። ሰላም አላት፤ ጥርሱ እንደ ወትሮው ታየ። ከዚያ በኋላ ባሏን ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ሲያነጋግራት ትመልሳለች። ማታ ሲተኛ ትንፋሹን ትሰማለች፤ ስለሱ የምታስበውን ለማንም አልተናገረችም።

ሰኔ ላይ ከይጁቤ የመጣ አንድ የአገሯ ሰው ገበያ ውስጥ አገኛት። ሊሸሻት አስቦ ሲያመነታ ደረሰችበት። ስለ አባቷ ጠየቀችው፤ አሉ አላት፣ ደረታቸው እንዳለ ነው። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ደኅና ናቸው። ስለ እርሻው ጠየቀችው። ሰውየው ራሱን አከከ። ባለፈው ክረምት ፈንታ ዱር ሆኖም እየመጣ ያርስ ነበር፤ ጓደኞቹ ዳር ዳሩን እየጠበቁለት ዘርቶ ይመለሳል። ዘንድሮ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው አላት። በሬዎቹ አሉ። ዘሩም ጎተራ ውስጥ አለ። ዝናቡም በጊዜው ገብቷል። የሚያርስ ሰው የለም።